መንገዱ ለምን ጠፋ? በራምዚስ ድራፍት ጫካ የአንድ ጉዞ እቅድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ገደማ ነድታችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ስታንተን የምትባለውን ከተማ አልፋችሁ፣ በ250 ቁጥር መንገድ ወደ ተራራው ስትወጡ ራምዚስ ድራፍት የሚባል ጫካ አለ። የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን አካል ነው። ካርታውን ስታዩ አንድ ጅረት መሃል ለመሃል ይወርዳል። በግራና በቀኙ ሁለት ረጃጅም ሸንተረሮች አሉ። በሦስቱም ላይ የእግር መንገድ በነጠብጣብ ተሰምሯል። ዙሩ ከ15 ማይል ትንሽ ይበልጣል። ቅዳሜ ጠዋት ገብቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ እሁድ መውጣት። ቀላል ይመስላል።

ችግሩ ነጠብጣቡ ላይ ነው። ካርታው ለሦስቱም መንገዶች ያደረገው አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ነው። መሬት ላይ ግን አንዱ ደህና መንገድ ነው፣ አንዱን ግማሽ በግማሽ ጎርፍ በልቶታል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ቁጥቋጦ ውጦታል። ይሄን ሳታውቁ ከገባችሁ እሁድ ማታ ቤት አትገቡም።

አራት ሆነን ነው የሄድነው። እኔ፣ አንዲት ነርስ፣ ትራክ የሚነዳ ጓደኛችን እና ጋሼ። ጋሼ ስድሳን አልፈዋል። ደባርቅ አካባቢ ነው ያደጉት፣ ስለ ተራራ ማንም እንዲያስተምራቸው አይፈልጉም። የቦታው ከፍተኛ ጫፍ ሃርድስክራብል ኖብ 1,305 ሜትር ነው ስላቸው ሳቁብኝ።

"ከመርካቶ በሺህ ሜትር ዝቅ ያለውን ነው ተራራ የምትለኝ?"

ልክ ናቸው። ከፍታው ለሀበሻ ምንም አይደለም። እዚህ ቦታ ሰውን የሚጥለው ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ

ሰው ሃይኪንግ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ማይል ነው?" ብሎ ነው። ለተተወ መንገድ ግን ማይል ብዙም አይነግራችሁም። እኛ የጀመርነው "ይሄ መንገድ ለምን ተተወ?" ብለን ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁ እዚያ የሚጠብቃችሁን እንቅፋት ታውቃላችሁ። እንቅፋቱን ካወቃችሁ ደግሞ በየት በኩል እንደምትገቡ፣ ምን እንደምትይዙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ከጅረቱ እንጀምር። በሸለቆው ውስጥ ድሮ ጅረቱን ተከትሎ የሚሄድ ሰፊ መንገድ ነበር። ጎርፍ ደጋግሞ በላው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1985 በዚያ አካባቢ የወረደው ታላቅ ጎርፍ ደግሞ የቀረውን ቆራርጦት ሄደ። አሁን መቶ ሜትር ጥሩ ሜዳ መንገድ ትሄዱና በድንገት የተናደ አፋፍ ላይ ትቆማላችሁ። መንገዱ የለም። ቀጣዩ ቁራጭ ከጅረቱ ማዶ ነው። ተሻግራችሁ ታገኙታላችሁ፣ ትንሽ ትሄዳላችሁ፣ እንደገና ይቆረጣል።

በዚህ ላይ ዛፎቹ አሉ። ሸለቆው ተጨፍጭፎ የማያውቅ ደን ስላለው፣ ሄምሎክ የሚባለው የጥድ ዘመድ እዚያ እጅግ ትልልቅ ሆኖ ያድግ ነበር። ከእስያ የመጣች አንዲት ተባይ ጨረሰችው። መጠኗ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቅጠሉ ሥር ተጣብቃ ፈሳሹን ትመጥጣለች፣ ላይዋ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ትለብሳለች። በምሥራቅ አሜሪካ መጀመሪያ የታየችው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ዛፉ ከሞተ በኋላ ዓመታት ቆሞ ይቆያል። ከዚያ አንድ በአንድ ይወድቃል። የሚወድቀውም መንገዱ ላይ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱም ሄምሎኩም የሚወዱት ያንኑ ጠባብ የሸለቆ ወለል ነው።

ታዲያ ለምን አይቆርጡትም? ብዙ ሰው ይሄን ይጠይቃል። ከ6,500 ኤከር በላይ የሆነው ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1984 "ዊልደርነስ" ተብሎ በሕግ ተከልሏል። በ1964ቱ የዊልደርነስ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሞተር ያለው መሣሪያ አይሠራበትም። የሞተር መጋዝ አይገባም ማለት ነው። የወደቀ ግንድ የሚቆረጠው ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው በሚስቡት የድሮ መጋዝ ነው፣ መጋዙም በትከሻ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁለት ሰው አቅፎ የማይጨርሰውን ግንድ እንደዚህ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስቡት። ስለዚህ ብዙው ግንድ እዚያው ይቀራል። በነገራችን ላይ እኔ በዚህ ሕግ ቅር አይለኝም። ሁሉም ጫካ የከተማ መናፈሻ መሆን የለበትም።

ባልድ ሪጅ የሚባለው የምሥራቁ ሸንተረር ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ጎርፍ የለም። ውሃም የለም። ሰው ወደ ጅረቱ ነው የሚሄደው፣ ደረቅ ሸንተረር ላይ ውሃ ተሸክሞ የሚወጣ ጥቂት ነው። እግር ያልረገጠው መንገድ ደግሞ ይዘጋል። ሸንተረሩ ብርሃን ስለሚያገኝ ማውንቴን ሎረል የሚባለው ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ጠንካራ ቁጥቋጦ፣ ድንክ ተክልና እሾሃም ሐረግ ከግራም ከቀኝም ይገቡበታል።

ለጋሼ ይሄን ሳስረዳቸው ዝም ብለው አዳመጡና "እኛ አገር መንገድ የሚጠፋው ሰው ሲጠፋ ነው" አሉ። ስሜን ውስጥ ከመንደር መንደር በቅሎም ሰውም በየቀኑ ስለሚመላለስ መንገዱን የሚጠርግ ሠራተኛ አያስፈልግም። ረጋጩ ራሱ ይጠርገዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ እቅዱን ከልብ ያዙት።

ሦስተኛው የምዕራቡ ሸንተረር ነው፣ ሸናንዶዋ ማውንቴን ይባላል። እሱ ሰው የሚሄድበት፣ የሚጠገን፣ ደህና መንገድ ነው። ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። ለእቅዳችን ግን ትልቁ ሀብት እሱ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እመጣበታለሁ።

ቤት ተቀምጦ የሚሠራው

ስልክ ላይ ያለ የሃይኪንግ አፕ መስመር ያሳያችኋል እንጂ መስመሩ ዛሬ መኖሩን አይነግራችሁም። እኛ ሦስት ነገር ጎን ለጎን አስቀመጥን።

አንደኛው የድሮ ካርታ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ሰርቬይ የቀድሞ ካርታዎቹን በነፃ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። በ1 ለ24,000 መስፈርት የተሠራውን ዝርዝር ካርታ አውርዳችሁ ከአዲሱ ጋር ስታስተያዩት ድሮ መንገድ የነበረው የት እንደነበር ታያላችሁ። የተተወ መንገድ ስትፈልጉ አሮጌው ካርታ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይሻላል።

ሁለተኛው የላይዳር የጥላ ካርታ ነው። ከአውሮፕላን በሌዘር ተለክቶ፣ ዛፉ ሁሉ ተገፎ፣ የመሬቱ ቅርጽ ብቻ የቀረበት ምስል ማለት ነው። በሸለቆው ውስጥ የድሮው መንገድ አልጋ ተዳፋቱ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ቁልጭ ብሎ ታየን፣ የተቆረጠባቸውን ቦታዎች ሳይቀር። ባልድ ሪጅ ላይ ግን ምንም አልታየም። ይሄ አያስደንግጣችሁ። በሸንተረር አናት ላይ የሚሄድ መንገድ መሬቱን ቆርጦ አይሠራም፣ ስለዚህ ለላይዳር የሚታይ ጠርዝ የለውም። እዚያ መንገዱን የሚነግራችሁ የሸንተረሩ ቅርጽ ራሱ ነው።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ሃሪሰንበርግ ያለው የደን አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ጋ የደወለችው ነርሷ ናት። ፈቃድ ወረቀት አያስፈልግም፣ ክፍያም የለም። ስትደውሉ ግን "መንገዱ ክፍት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ክፍት ነው" ሊሏችሁ ይችላሉ፣ በሕግ ደረጃ አልተዘጋማ። "ለመጨረሻ ጊዜ መጋዝ ይዞ የገባ ሰው መቼ ነው? እስከየት ደረሰ?" በሉ። ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ ሌላ ነው።

በየት በኩል ገብቶ በየት መውጣት

የተከራከርንበት ነገር ይሄ ነው። ሹፌሩ ጓደኛችን ጅረቱን ይዘን እንውጣና በባልድ ሪጅ እንውረድ አለ። አሳቡ መጥፎ አይመስልም። አቀበቱን በውሃ ዳር ጨርሶ፣ ደረቁን ክፍል ቁልቁል መውረድ። እግርም ይቀለዋል።

እኔ የተቃወምኩት በሸንተረሩ ቅርጽ ምክንያት ነው። እጃችሁን ዘርጉና እዩት። ከጣቶቻችሁ ጫፍ ተነስታችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ በየትኛውም ጣት ብትጀምሩ መጨረሻው አንድ ነው፣ የእጅ አንጓ። ከአንጓው ተነስታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ግን በየመገናኛው መምረጥ አለባችሁ። ሸንተረርም እንዲሁ ነው። ዱካ በጠፋበት ሸንተረር ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሲሳሳትም ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመጣል። የሚወርድ ሰው ግን ሳያውቀው ወደ አንዱ የጎን ሸንተረር ይገባና ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው። ያኔ የወረደውን ሁሉ መልሶ መውጣት አለበት፣ በማውንቴን ሎረል ውስጥ።

ጅረት የዚህ ተቃራኒ ነው። ጅረት ላይ ወደ ላይ ስትወጡ ነው መገናኛ የሚገጥማችሁ። ራምዚስ ድራፍትም ላይኛው ክፍል ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ የግራና የቀኝ ክንድ አለው። ወደ ታች ስትወርዱ ግን ውሃው ራሱ ይመራችኋል፣ ዱካው ቢጠፋም መጨረሻው አስፋልቱ ነው።

ስለዚህ ዙሩን ገለበጥነው። ከማውንቴን ሃውስ ፒክኒክ ቦታ ተነስቶ በብሪጅ ሆሎው መንገድ ባልድ ሪጅ ላይ መውጣት። ሸንተረሩን ወደ ሰሜን ይዞ፣ ፒናክል የሚባለውን ጫፍ አልፎ፣ ሃይነር ስፕሪንግ የተባለው ምንጭ ጋ ማደር። ከባዱና የማይታወቀው ክፍል በመጀመሪያው ቀን፣ እግር ሳይደክም፣ ሙሉ ብርሃን እያለ ያልቃል።

ለሁለተኛው ቀን ደግሞ ሁለት መውጫ አስቀመጥን። ከሃይነር ስፕሪንግ በጅረቱ መውረድ ይቻላል። ወይም ወደ ምዕራብ ሃርድስክራብል ኖብን በጎን አልፎ ሸናንዶዋ ማውንቴን ላይ መግባትና በሮድ ሆሎው መንገድ ወደ መኪናው መውረድ። ሁለቱም የሚያልቁት እዚያው መነሻው አካባቢ ነው። ዝናብ ከመጣ ጅረቱን አንነካውም። ደህናውን መንገድ ሀብታችን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። በተተወ መንገድ ላይ ዙር ስታቅዱ ቢያንስ አንዱ ጎን ደህና ይሁን፣ ያውም ስትደክሙ በምትደርሱበት በኩል።

ከሸንተረሩ ብንስትስ? ወደ ሰሜን ስትሄዱ በግራ በኩል ራምዚስ ድራፍት አለ። በቀኝ ከወረዳችሁ ከመኪናችሁ የሚያርቃችሁ ሌላ ሸለቆ ነው። ወረቀት ላይ የጻፍነው ደንብ፣ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ወደ ሸንተረሩ አናት ተመለሱ፣ ካልሆነ ብቻ ወደ ግራ ውረዱ፣ ወደ ቀኝ በጭራሽ የሚል ነው።

ሰዓቱ

ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ቀመር አለች። ለየ3 ማይሉ አንድ ሰዓት፣ ለየ2,000 ጫማ አቀበት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ለጥሩ መንገድና ለጎበዝ እግር ነው። የማደሪያ ቦርሳ ተሸክሞ በጥሩ መንገድ በሰዓት 2 ማይል ይበቃል። ለባልድ ሪጅ የያዝነው በሰዓት 1 ማይል ነው። ሹፌሩ "ኤሊ ነን እንዴ?" አለ። እሺ ብለን ዝም አልነው።

ከዚያ የመመለሻ ሰዓት ወሰንን። በመካከላችን በሀበሻ ሰዓት ነው የምናወራው። ጠዋት 2 ተኩል መሄድ እንጀምራለን፣ ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፒናክል ካልደረስን ዞረን እንመለሳለን። ለመውጣት አምስት ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል፣ መኪናው ጋ ስንደርስ ብርሃን ገና አልጠፋም። ይሄ ሰዓት የተወሰነው ሳሎን ውስጥ፣ ቡና እየጠጣን ነው። እዚያው ጫካው ውስጥ ሆኖ መወሰን ከባድ ነው። ሁሌም "ትንሽ ነው የቀረው" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

ነርሷ ለእህቷ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠች። የመኪናው ታርጋ፣ መኪናው የቆመበት ቦታ፣ በየት እንደምንገባ፣ ሁለቱ መውጫዎች፣ የድንኳኖቹ ቀለም። እሁድ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ካልደወልን 911 ትደውላለች። እዚያ ስልክ አይሠራም፣ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ይዘን ነበር። ወረቀቱ ግን ባትሪ አይጨርስም።

መቼ፣ ምን ይዞ

መጀመሪያ የታሰበው ሐምሌ ነበር፣ ለእረፍት ስለሚመች። ጣልነው። በበጋ ሸለቆው በሳማ ይሞላል። እዚህም ሳማ አለ፣ ያው የምናውቀው የሚለበልበው፣ ወገብ ድረስ ያድጋል። መዥገሩም የሚበዛው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ከሁሉም በላይ ግን ቅጠሉ ነው። ዛፉ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ከሄዳችሁ የጠፋው ዱካ መሬት ላይ እንደ ቀጭን ጎድጎድ ይታያል። ቅጠል ከወጣ አምስት ሜትር ፊታችሁን አታዩም። የኅዳር የአጋዘን አደን ደግሞ በጥይት ነው፣ ከ2022 ጀምሮ በቨርጂኒያ የመንግሥት መሬት ላይ እሁድም ይታደናል። በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው ብርቱካናማ ይልበስ።

የሚያዝያ መጨረሻ ተመረጠ፣ ከፋሲካ በኋላ። ውሃው በዛ ይላል፣ ሌሊቱም ይበርዳል፣ ግን ዓይን ያያል። ሃምሳው ውስጥ ስለሆነ ምግቡም አላስቸገረም። እዚህ ላይ ጋሼ ሙሉ ሥልጣን ወሰዱ። ሱቅ የሚሸጠውን የታሸገ የተራራ ምግብ አይተው ዋጋውን ሲሰሙ "በዚህ ብር በግ ይገዛል" አሉና ድርቆሽ አስደረቁ። ድርቆሽ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ የፈላ ውሃ፣ በርበሬና ቅቤ ጠብ ካደረጋችሁበት በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ነው። ለመንገድ ቆሎ፣ ለጠዋት ጭኮ። ጭኮ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ ምድጃም አይፈልግም። ማታ ምግቡን ሁሉ ሰብስበን ከድንኳኑ ርቀን ዛፍ ላይ ሰቀልነው። ጥቁር ድብ አለ፣ የቅቤ ሽታ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል።

ውሃው በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር ነበር፣ 4 ኪሎ ማለት ነው። ባልድ ሪጅ ላይ እስከ ምንጩ ድረስ ልተማመንበት የምችል ውሃ የለም። ከባድ ነው፣ ግን አማራጭ የለውም። ከዚህ ሌላ ረጅም ሱሪ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። መነጽሩ ላይ ሹፌሩ ሲስቅ ነበር፤ ሎረሉ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ፊቱ ላይ ሲመለስበት ግን ከኪሱ አውጥቶ አደረገው።

የሆነው

ብሪጅ ሆሎው ደህና ነበር። ሸንተረሩ ላይ ከወጣን በኋላ መጀመሪያ ዱካው ይታያል። ከዚያ ይሳሳል። ከዚያ የለም። ሎረሉ ከደረት በላይ ነው፣ እጅን አስቀድሞ እንደ ዋናተኛ እየገፉ ነው የሚሄዱት። በሰዓት 1 ማይል ያልነውም የበዛበት ቦታ ነበር።

አንድ ቦታ ሸንተረሩ ሰፋ ብሎ ሜዳ ይሆናል። እንደዚህ ያለ ቦታ ነው የሚያስቸግረው፣ አናቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይታወቅማ። ቆምን። ደንባችን ዱካ ሲጠፋ ሁላችንም እንድንበተን አይፈቅድም። አንድ ሰው መጨረሻ ዱካ የታየበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ሃያ ሠላሳ እርምጃ እየሄደ ይመለሳል። የቆሙት ጋሼ ናቸው። ነርሷ በቀኝ ሄዳ ተመለሰች። በግራ ሄደች።

"ጋሼ፣ ይምጡ፣ ይዩት!"

የወደቀ ግንድ ነው፣ ላዩን አረንጓዴ ነገር ለብሷል። ጫፉ ግን ቀጥ ያለ ነው። በነፋስ የተሰበረ ዛፍ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ይሄ ግን በመጋዝ ተቆርጧል። ሁለት ሜትር ፈንጠር ብሎ ሌላኛው ግማሽ አለ፣ እሱም ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሰው ከነቦርሳው የሚያልፍበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች እዚህ ቆመው መጋዝ ስበዋል ማለት ነው። መንገዱ እዚያ ነበር። ጋሼ እጃቸውን በቁርጡ ላይ አሳልፈው "ጎበዝ፣ አንቺ ልጅ" አሏት። ከዚያ በኋላ የምንፈልገው ዱካ ሳይሆን የመጋዝ ቁርጥ ሆነ፣ የቀለም ምልክት ቢደበዝዝም ዛፉም ቢወድቅም ቁርጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

ፒናክል የደረስነው ከ8 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለን ነው። ጠባብ ነበር፣ ግን ደንቡ አልፈናል አለ፣ ቀጠልን። ሃይነር ስፕሪንግ ስንደርስ ብርሃን ነበር። ድንኳን ከመትከላችን በፊት ቀና ብሎ ማየት ግድ ነው። በዚያ አካባቢ የሞቱ ዛፎች ቆመዋል፣ ያለ ነፋስም ይወድቃሉ። ሁለት የሚያማምሩ ሜዳዎችን በዚህ ምክንያት ትተን የማይመች ጎርባጣ ላይ ተኛን።

ሌሊት ካፊያ ጣለ። ጠዋት ጅረቱ ወይስ ሸናንዶዋ ማውንቴን የሚለው ተነሳ። ላይ ያለው ውሃ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ነው፣ ይሄ ግን ምንም አይነግራችሁም። ታች ሁለቱ ክንዶች ሲገናኙ ሌላ ውሃ ነው። ከመነሳታችን በፊት ጅረቱ የሚገባበትን የካፍፓስቸር ወንዝ የውሃ መጠን በጂኦሎጂ ሰርቬዩ መለኪያ ላይ አይተን ነበር፣ ጎሸን ከተማ አጠገብ ነው። ለቀናት እየቀነሰ ነው የመጣው። የጻፍነው ደንብ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ በሸንተረሩ፣ ካፊያ ከሆነ በጅረቱ የሚል ነው። በጅረቱ ወረድን። የመጀመሪያው ትልቅ መሻገሪያ ላይ ውሃው ከጉልበት ካለፈ ተመልሰን እንደምንወጣ ተስማማን። አላለፈም። ስትሻገሩ የቦርሳውን የወገብና የደረት ቀበቶ ፍቱ፣ ከወደቃችሁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሄድ።

የገረመን ቁልቁለቱ ከአቀበቱ አለመፍጠኑ ነው። ግንዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመዋል። አንዳንዱን በላይ፣ አንዳንዱን በሆድ ተስቦ በሥር፣ አንዳንዱን ዳገት ወጥቶ በዙሪያ። ቦርሳ አውልቆ ማቀበል፣ መልሶ ማዘል። እዚህ ጋ ላይዳሩ ጠቀመን። መንገዱ በተቆረጠበት ሁሉ ወደ ላይ ወደ ታች እያልን አልባዘንም፣ ማዶ ያለውን ሜዳ መስመር ቀድመን ስለምናውቀው ቀጥ ብለን ተሻገርን። ሳማው ገና ጣት የሚያህል ነበር። ታችኛው ክፍል ላይ፣ ወደ አስፋልቱ ስትጠጉ፣ መንገዱ እንደገና ሰው የሚሄድበት ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ወደ ሃሪሰንበርግ ደወለች። ትልልቆቹ ግንዶች የተጋደሙበትን ቦታ ከጂፒኤሱ ላይ እያነበበች ነገረቻቸው፣ የመጋዝ ቡድን ሲገባ የቱ ጋ እንደሚጀምር ይጠቅማቸዋል።

ፎቶውን ያዩ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁናል። አንደኛው "እኛም በዚያው ዙር እንሂድ?" ነው። ካርታና ኮምፓስ የሚያነብ ሰው መካከላችሁ ካለ፣ ቅጠል ሳይወጣ ከሆነ፣ በባልድ ሪጅ ወደ ላይ ከሆነ፣ አዎ። ስልክ ላይ ባለ መስመር ብቻ ከሆነ፣ አይሆንም። ሁለተኛው ስለ ልጆች ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ባልድ ሪጅንም ጅረቱንም ተዉት። በሮድ ሆሎው ውጡ፣ ሸናንዶዋ ማውንቴን ላይ የምታድሩበትን ውሃ ይዛችሁ እደሩ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ጅረቱን ማየት ለሚፈልግ የታችኛው አንድ ሁለት ማይል ይበቃዋል፣ መኪናው ጋ ምሳ በልታችሁ ትገባላችሁ።